ቤቱ ለሽልማት ሲቀርብ

እንግዳ ተቀብላ የምታሳድር ሴት የሥራ ቀንዋ በአንሶላ ይጀምርና በአንሶላ ያበቃል። ትናንት ያደሩት ሲወጡ አልጋው ይገፈፋል፣ የትራስ ልብሱ ይለወጣል፣ ፎጣው ወደ እጥበት ይሄዳል፤ ወለሉ ተወልውሎ ገና ሳይደርቅ አዲሱ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ይቆማል። ሥራው የሚታየው ሲጎድል ብቻ ነው። አልጋው ንጹሕ ሆኖ ያገኘው እንግዳ ማን እንዳነጠፈው አይጠይቅም፤ አንድ ፀጉር ትራስ ላይ ያገኘ ግን የቤቱን እመቤት ስም ጠይቆ ያስጠራል።

እንዲህ ባለው ቤት አንድ ቀን ፕላኑን የነደፈው አርኪቴክት ብቅ ይልና፣ «እመቤት፣ ቤትዎን ለሽልማት ላቀርበው አስቤአለሁ» ይላል። ባለቤቲቱ ደስ ይላታል፤ የማይላት የለችም። ይሁን እንጂ ከደስታው ቀጥሎ ብዙ ጥያቄ ይከተላል። የሚሸለመው ማን ነው? ነዳፊው ነው ወይስ ቤቱ? ቤቱ ከሆነስ ግድግዳውን ያቆሙት ግንበኞች፣ ኮርኒሱን የሠሩት አናጢዎች፣ ከዚያም በኋላ በየቀኑ ቤቱን ቤት የሚያደርጉት እጆች የት ላይ ይቆጠራሉ? ሳሎንዋን ከፍላ ክፍል የምታከራይ፣ ወይም በማኅበር ሆና የእንግዳ ማረፊያ የምታስተዳድር፣ ወይም በአንዱ ማረፊያ ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ነገሩ በቀጥታ ስለሚነካት ዛሬ በዚህ ዓምድ ሁለት እውነተኛ ቤቶችን እያነሣን እንመለከተዋለን። አንደኛው በእንግሊዝ አገር፣ ሁለተኛው በቱርክ ይገኛል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ ግን ስለ አቀራረቡ ጥቂት እንበል። ነገሩ የሚጀምረው በወረቀት ነው። በብዙ አገሮች ለሕንፃ ሽልማት ማመልከቻውን የሚያስገባው አርኪቴክቱ ሲሆን የማመልከቻ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ውድድሮችም አሉ። ፕላኑ፣ የወጪው መጠን፣ የቁሳቁሱ ዓይነት፣ ቤቱ የተሠራበት ምክንያት በዝርዝር ይጻፋል፤ ባለቤቱም ፈቃድዋን ትሰጣለች። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። የቤቱን እመቤት ከሥራዋ የሚያስተጓጉላት የፎቶግራፉ ቀን ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ጥሩ ብርሃን ይፈልጋል። ጥሩ ብርሃን ደግሞ የሚመጣው ቁርስ በሚቀርብበት ሰዓት ወይም ማታ እንግዶች በሚገቡበት ሰዓት ነው። የተሰጣው ልብስ ከገመዱ ላይ ይነሣል፣ የሕፃኑ ብስክሌት ከደጃፉ ይገፋል፣ የምግብ ጠረጴዛው የፕላስቲክ ልባስ ይገፈፋል፣ «እባካችሁ ለአንድ አፍታ ከዚህ ዘወር በሉ» ይባላል። በሕንፃ መጽሔቶች ላይ የሚወጡትን ሥዕሎች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ አብዛኞቹ ማንም የማይኖርባቸው ቤቶች እንደሚመስሉ ያስታውሳል። ወንበሩ አለ፣ የሚቀመጥበት የለም። ድስት ያልተጣደበት ምድጃ ለዓይን ያምራል፤ ራት የሚጠብቅ እንግዳ ላለበት ቤት ግን አይሆንም።

በፎቶግራፍና በጽሑፍ ብቻ ተወስነው የሚፈርዱ ውድድሮች ጥቂት አይደሉም። ሌሎቹ ግን ዳኞቻቸውን እስከ ደጃፍ ይልካሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለባለ ማረፊያዋ እጅግ ትልቅ ነው። ወደ ቤቱ የመጣ ዳኛ ደረጃውን ራሱ ይወጣል፤ በሩ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ መታጠቢያ ቤቱ ሽታ እንዳለው በአፍንጫው ያውቃል። የመጣ ዳኛ መጠየቅም ይችላል።

ከሚመጡት መካከል የእንግሊዝ አርኪቴክቶች ንጉሣዊ ተቋም የሚሰጠው የስተርሊንግ ሽልማት አንዱ ነው። ይህ ሽልማት በ1996 ተጀመረ። አንድ ሕንፃ በመጀመሪያ በየክፍለ አገሩ በሚደረገው ውድድር አልፎ፣ ከዚያ በአገር አቀፍ ደረጃ ተመርጦ፣ በመጨረሻ ከጥቂት ዕጩዎች ጋር ለዋናው ሽልማት ይቀርባል። በ2013 ዕጩዎቹ ስድስት ነበሩ። ከነሱ መካከል በሼፊልድ ከተማ የታደሰ ትልቅ የመኖሪያ ሕንፃ፣ በሰሜን አየርላንድ የተሠራ የጎብኚዎች መቀበያ፣ የጸሎት ቤትም ነበሩበት። ያሸነፈው ግን ስምንት ሰው ብቻ የሚያሳድር አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ አስትሌይ ካስል ይባላል።

የአስትሌይ ታሪክ ረጅም ነው። በዎሪክሺር ክፍለ አገር በነኒተን ከተማ አቅራቢያ በውሃ ቦይ የተከበበ ጥንታዊ ግንብ ሲሆን፣ ለዘጠኝ ቀን ያህል ንግሥት ተብላ በ1554 አንገትዋ ተቀልቶ የተገደለችው የሌዲ ጄን ግሬይ ቤተሰብ ይዞታ ነበር። በኋለኛው ዘመን ወደ ሆቴልነት ተለወጠ። በ1978 ግን በእሳት ተቃጠለ፤ ጣራውም ወለሉም ጠፍቶ ግድግዳዎቹ ብቻ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሐረግና ዛፍ በቀለበት። ላንድማርክ ትረስት የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሊያድነው ተነሣ። ይህ ድርጅት በ1965 በባልና ሚስት የተመሠረተ ሲሆን ሥራው ሊፈርሱ የደረሱ ታሪካዊ ቤቶችን እየጠገነ ለእንግዶች በጥቂት በጥቂት ቀን ማከራየትና በኪራዩ ቤቶቹን መጠበቅ ነው። ባል ባለጸጋ ነበሩ ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ድርጅቱን በሕይወት ያቆየው ከእንግዶቹ የሚገኘው ኪራይ ጭምር ነው።

አርኪቴክቶቹ አዲሱን ቤት በፍርስራሹ ውስጥ ሠሩት። የተሰበረውን ግድግዳ አላስተካከሉትም፤ አዲሱን ጡብ በአሮጌው ድንጋይ ስብራት ልክ እያስገቡ ቀጠሉት። ከግንቡ ከፊሉ ጣራ ሳይኖረው ሰማይ የሚታይበት ግቢ ሆኖ ቀረ። የመኝታ ክፍሎቹ ከታች ሆኑ፤ ሳሎኑና ወጥ ቤቱ ከላይ፤ ምክንያቱም ደኅና ብርሃንና ደኅና መልክዐ ምድር ያለው ከላይ ነውና። አስቤዛ ተሸክማ ደረጃ የምትወጣ ሴት ስለዚህ ጉዳይ የራስዋ አስተያየት ሊኖራት ይችላል። ደግነቱ አሳንሰር ተገጥሞለታል። ቤቱ በ2012 ተከፈተ፤ በዓመቱ ተሸለመ።

ባለቤቶቹ ከሽልማቱ ምን አገኙ? ትልቁ ነገር ስም ነው፤ ለእንግዳ ማረፊያ ስም ማለት የተያዘ አልጋ ማለት ነው። የተሸለመ ቤት ውስጥ ማደር የሚፈልግ ሰው ከሩቅ ይመጣል። ይህ ግን ሌላ ሥራ አብሮት ያመጣል። አርኪቴክቶችና ተማሪዎች ቤቱን ለማየት ይመጣሉ፤ የሚያድሩ አይደሉም፤ መስኮት ላይ ፊታቸውን ለጥፈው የሚያዩ ናቸው። ገንዘብ ከፍሎ ለዕረፍት የመጣ ቤተሰብ ደግሞ በመስኮት የሚያየው ሰው አይፈልግም። የላንድማርክ ሰዎች ይህን የሚያቃልሉበት መንገድ በዓመቱ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ቀኖችን መወሰን ነው፤ በነዚያ ቀኖች ማንም ያለ ክፍያ ገብቶ ያያል፤ በሌሎቹ ቀኖች ቤቱ የእንግዳው ነው። በየቤቱም እንግዶች ትዝታቸውን የሚጽፉበት መዝገብ ይቀመጣል። ጣራው ያፈሰሰ እንደሆነ፣ ማንቆርቆሪያው የተሰበረ እንደሆነ፣ ልጆቹ ቦዩ ውስጥ ዳክዬ ያዩ እንደሆነ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። የሕንፃ ዳኛ በአንድ ጉብኝት የማያገኘውን ይህ መዝገብ በዓመታት ውስጥ ያገኘዋል።

እንግዲህ አስትሌይ የድርጅት ቤት ነው፤ ጸሐፊ አለው፣ ሒሳብ ሹም አለው፣ ጋዜጠኛ ሲመጣ የሚያነጋግር ሰው አለው። አንድ ባልና ሚስት ለራሳቸው መኖሪያ የሠሩት ቤት እንዲህ ላለው ሽልማት ሲታጭስ? ለዚህ ከቱርኩ ቤት የተሻለ ምሳሌ የለንም፤ ስለዚህም ዘግየት ብለን እናየዋለን።

በደቡብ ምዕራብ ቱርክ በሙግላ ክፍለ አገር፣ ጎኮቫ በሚባለው የባሕር ሰርጥ ጫፍ ላይ አክያካ የምትባል መንደር አለች። ናይል ቻክርሃን የተባሉ ገጣሚና ጋዜጠኛ በ1970 ለጤናቸው ሲሉ ወደዚህች መንደር መጥተው ቤት ለመሥራት አሰቡ። የትውልድ ቦታቸው ኡላ እዚያው አቅራቢያ ነው። አርኪቴክት አልነበሩም፤ የሕንፃ ትምህርት ቤት ደጃፍም አልረገጡም። ይሁን እንጂ ሙያውን በአንድ ያልተለመደ ቦታ ቀስመውት ነበር፤ በሚስታቸው የሥራ ቦታ።

ሚስታቸው ሃሌት ቻምበል ናቸው። ስለ እኒህ ሴት ብዙ መጻፍ ይቻላል። በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ለአገራቸው በሻሞላ ውድድር ተሰልፈው ነበር፤ እሳቸውና ጓደኛቸው በኦሊምፒክ የተሰለፉ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ሴቶች መሆናቸው ተመዝግቧል። ከሂትለር ጋር እንዲተዋወቁ ሲጠየቁም እምቢ አሉ። በኋላ የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ ሆነው ካራቴፔ በተባለው ተራራማ ቦታ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሥርታት ሠሩ። እዚያ የተገኘው በሁለት ቋንቋ የተቀረጸ ጽሑፍ ሳይፈታ የኖረውን የሉዊያን ሥዕላዊ ፊደል ለማንበብ ቁልፍ ሆነ። የተቀረጹት ድንጋዮች ተነሥተው ወደ ከተማ ሙዚየም ይወሰዱ ሲባል፣ «ከተገኙበት አይነቀሉም» ብለው የተከራከሩት እሳቸው ናቸው። ድንጋዮቹ በቦታቸው ቀሩ፤ ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቃቸው ጣራም ተሠራላቸው። ጣራውን የነደፉት ቱርጉት ጃንሰቬር የተባሉ ስመ ጥር አርኪቴክት ናቸው። ግንባታውን ዳር ያደረሱት ግን ባል፣ ገጣሚው ቻክርሃን ነበሩ። ሲሚንቶና ብረት፣ ሠራተኛና ደመወዝ፣ ውሃ በሌለበት ተራራ ላይ ቤት ማቆም እንዴት እንደሆነ የተማሩት እዚያ ነው። ባል የሚስቱን ሥራ ተከትሎ ተራራ ወጥቶ ሙያ ይዞ የተመለሰበት ታሪክ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ስለዚህ አንባብያን በዚህ ላይ ቆም ማለታችንን ይቅር ይሉናል።

ቻክርሃን ሁለት አናጢዎች ይዘው ጀመሩ፤ አሊ ዱሩና ጃፈር ካራጃ ይባላሉ። ቤቱ በ1971 አለቀ። በኡላ ባሕላዊ ቤት ሥርዓት የተሠራ ነው። በግራና በቀኝ እኩል የሆኑ ሁለት ክፍሎች፣ በመካከላቸው ወደ አትክልቱና ወደ ባሕሩ የሚያይ ሰፊ አዳራሽ አለው። በየክፍሉ ውስጥ በግድግዳው ዙሪያ መደብ ይዞራል፤ ቀን ይቀመጡበታል። ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራው የእንጨት ቁም ሣጥን ፍራሹንና ብርድ ልብሱን ይይዛል፤ ማታ ፍራሹ ይወጣና ያው ክፍል መኝታ ይሆናል። ጠዋት እንደገና ይታጠፋል። ኮርኒሱ የተፈለፈለ እንጨት ነው። ጣራው ከግድግዳው ራቅ ብሎ ወጥቶ መስኮቱን ያጠላል። አንዲት ክፍል ሳሎንም፣ መኝታም፣ የእንግዳ ማረፊያም ሆና የምታገለግልበትን ዘዴ የእኛም አገር እናቶች አብጠርጥረው ያውቁታል፤ በቱርክ ግን በዚያን ጊዜ ከተሜው ይህን ትቶ ለእያንዳንዱ ነገር የተለየ ክፍል ያለውን የኮንክሪት አፓርታማ መርጦ ነበር።

ቤቱን ያየ ወዳጅ ለኔም ሥራልኝ አለ፤ ጎረቤትም እንዲሁ። ሥራቸውን አጥተው የነበሩ አናጢዎች እንደገና መጋዝና መሮአቸውን አነሡ። ከዚያ በኋላ ነው የሽልማቱ ጉዳይ የመጣው።

የአጋ ካን የሕንፃ ሽልማት በ1977 የተመሠረተ ሲሆን በየሦስት ዓመቱ ይሰጣል። አሠራሩ ከሌሎቹ ይለያል። ስማቸው የማይገለጽ ጠቋሚዎች በየአገሩ ያሉትን ሥራዎች ይጠቁማሉ። የተጠቆመው ሥራ በሰነድ ከተጠናቀረ በኋላ ዳኞች ይመለከቱታል፤ ከዚያም የመረጧቸውን ለማጣራት ባለሙያ ወደ ቦታው ይላካል። ይህ ሰው ቤቱ ከተሠራ በኋላ ሰው እየኖረበት ሳለ ነው የሚመጣው። ጣራው ያፈስ እንደሆነ፣ ሙቀቱ ይቻል እንደሆነ፣ ምን ያህል ወጪ እንደሆነ ይጠይቃል፤ የሚኖሩበትንም የሠሩትንም ያነጋግራል። ያገኘውን ጽፎ ለዳኞች ያቀርባል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሌሎቹ ሽልማቶች ከዚህ ቢማሩ አይጎዱም፤ ምክንያቱም ቤትን በተመለከተ ከነዳፊው በላይ የሚያውቀው የሚጠርገው ነው።

ሌላም ነገር አለው። የሽልማቱ ገንዘብ ለነዳፊው ብቻ አይሰጥም፤ ለሥራው መሳካት አስተዋጽኦ ያደረጉት፣ አናጢም ይሁን ግንበኛ፣ አሠሪም ይሁን መሐንዲስ፣ እንዲካፈሉት ዳኞቹ ሊወስኑ ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ለሁሉም ተሸላሚዎች በጠቅላላ የተመደበው 500,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ በኋላ ወደ 1,000,000 ከፍ ብሏል። በ1983 ሁለተኛው ዙር ሲሆን 11 ሥራዎች ተመረጡ። ከነሱ አንዱ በጂዳ የተሠራው የሐጅ ተጓዦች መቀበያ ነው፤ እጅግ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ ጣራው የድንኳን ከተማ ይመስላል። ሌላው በማሌዥያ ባሕር ዳር በእንጨት የተሠራው ታንጆንግ ጃራ የተባለ ሆቴል ነው። ከነዚህ ጎን ለጎን በአክያካ መንደር ያለችው የባልና ሚስቱ ቤት ቆመች። ሥነ ሥርዓቱ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ተደረገ። በሽልማቱ መዝገብ ላይ ከቻክርሃን ስም ጋር የሁለቱ አናጢዎች ስምም ሰፈረ።

ይህን ጊዜ ሁከት ተነሣ። የቱርክ አርኪቴክቶች ብዙዎቹ ተቆጡ። አንደኛ ሰውየው አርኪቴክት አይደለም አሉ። ሁለተኛ የሠራው አዲስ ነገር የለም፤ የአያቶቹን ቤት ደግሞ ሠራ እንጂ አሉ። በየጋዜጣውና በየመጽሔቱ ክርክሩ ቀጠለ። ነገሩን በቅን ልቡና ከተመለከትነው ሁለተኛው ነጥብ ባዶ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ወደ አያቱ ቤት ቢመለስ በአንድ ሕንፃ ላይ መቶ ቤተሰብ የሚያስጠጋ ከተማ ማን ሊሠራ ነው? የመጀመሪያው ነጥብ ግን የሚያስኬድ አይመስለንም። ዳኞቹ ያደነቁት ቤቱ ባሕላዊውን ሥርዓት ሳያበላሽ ማስቀጠሉንና ከአካባቢው ጋር መስማማቱን ነው፤ ለዚህ ዲፕሎማ አያስፈልግም፤ የሚያውቅ እጅ ግን ያስፈልጋል። ያን እጅ ደግሞ አሊና ጃፈር ነበራቸው።

የአክያካ ሽልማት ትልቁ ውጤት ግን በመንደርዋ ላይ የታየው ነው። በቻክርሃን ቤት መልክ የተሠሩ ቤቶች በዙ፤ ሆቴሎችና ፓንሲዮኖች በየመንገዱ ተከፈቱ፤ የተቀረጸ የእንጨት ሰገነት፣ ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊ ክዳን የአክያካ መታወቂያ ሆነ። አካባቢው በ1988 ልዩ የተፈጥሮ ጥበቃ የሚደረግለት ተብሎ ተከለለ፤ በ2011 ደግሞ አክያካ ረጋ ያለ ኑሮ ያላቸው ትንንሽ ከተሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር አባል ሆነች። እንግዳው የሚመጣው ባሕሩንና ነፋሱን ብሎ ብቻ አይደለም፤ ያንን የእንጨት ሰገነት አይቶ ነው። ስለዚህ ሽልማት ያልቀረበላት፣ ዳኛ ደጃፍዋን ያልረገጠ ባለ ፓንሲዮን እንኳ የዚያች አንዲት ቤት ሽልማት እንጀራዋ ሆኖላታል። ዕዳም ሆኖባታል። እንጨት ባሕር ዳር ሲሆን ጨውና ፀሐይ ይበሉታል፤ በየጊዜው ዘይት ወይም ቀለም ይጠይቃል፤ እንግዳ ደግሞ የተላጠ ሰገነት ፎቶግራፍ አያነሣም። ከኋለኞቹ ቤቶች ብዙዎቹ ውስጣቸው ኮንክሪት ሆኖ ከላይ እንጨት የለበሱ ናቸው። የመጀመሪያው ቤት የተሸለመው ውስጡም እንጨት፣ ኑሮውም እንደ መልኩ ስለነበረ ነው፤ አሁን ግን በብዙ ቦታ የሚታየው መልኩ ብቻ ሆኗል። ፍራሹን ጠዋት አጥፎ ቁም ሣጥን የሚያስገባ እንግዳ ያለ አይመስለንም።

እዚህ ላይ ሐረርን አለማስታወስ አይቻልም። በጀጎል ውስጥ የሐረሪ እናቶች ባሕላዊ ቤታቸውን ለእንግዳ ከፍተው የሚያሳድሩባቸው ቤቶች አሉ። የጀጎል ከተማ በ2006 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ቤቶቹን ማየት የሚፈልግ እንግዳ በርክቷል። ጌ ጋር የሚባለው ቤት ዋናው ክፍል አምስት ነደባ፣ ማለትም ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት የመቀመጫ መደቦች አሉት፤ እያንዳንዱም በማን እንደሚያዝ የታወቀ ነው። የቤቱን ፕላን በወረቀት ላይ ያነሣ ባለሙያ መደቦቹንና በግድግዳው ውስጥ የተሠሩትን መስኮት መሰል ማስቀመጫዎች ይስላል። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሞላው የሰፌድና የሙዳይ፣ የሳሕንና የጣባ አሰላለፍ ግን በፕላኑ ላይ የለም። ያን የሰፉትና የደረደሩት ሴቶች ናቸው። ወደ ቤቱ የሚገባ እንግዳ አፉን ከፍቶ የሚያየው ደግሞ መጀመሪያ እሱን ነው። እንዲህ ያለ ቤት ለሕንፃ ሽልማት ቢቀርብ በማመልከቻው ላይ «ነዳፊ» ከሚለው ጎን ማን ሊጻፍ እንደሚገባ ለዳኞቹ ቀላል ጥያቄ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን፣ አርኪቴክት ደጃፍዋን ለሚያንኳኳባት ባለ ማረፊያ ጥቂት የሚጠቅሙ ነገሮች እንጠቁም። ውድድሩ የማመልከቻ ገንዘብ ያለው እንደሆነ ማን እንደሚከፍል አስቀድማ ትጠይቅ። ፎቶግራፎቹ በልማድ የፎቶግራፍ አንሺው ንብረት ናቸው፤ ስለዚህ የራስዋን ቤት ሥዕል ለማስታወቂያዋ ለመጠቀም በጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ይኖርባታል፤ ይህ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ሆኖ ኋላ ጭቅጭቅ ያስነሣል። ፕላኑ በመጽሔት ሲታተም የቤተሰቡ መኝታ የቱ እንደሆነ፣ የጓሮው በር በየት እንደሚከፈት ማንም ያየዋል፤ ያ ክፍል ተቀንሶ እንዲወጣ መጠየቅ መብትዋ ነው። የፎቶግራፉ ቀን እንግዳ በማይበዛበት ሳምንት ይሁን። የሠሩትን ግንበኞችና አናጢዎች ስም ዛሬውኑ በደብተር ላይ ትጻፍ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ዳኛ መጥቶ ሲጠይቅ «እንትና የሚባለው» ማለት አይበቃም። ቤቱ ቢሸለም ኪራይ ከፍ ለማድረግ ችኮላ አያስፈልግም፤ የቆዩት ደንበኞች ቤቱን የወደዱት ከመሸለሙ በፊት ነው።

ዳኞች የመጡ እንደሆነ ደግሞ ሳሎኑንና ሰገነቱን ብቻ አሳይቶ ቡና አጠጥቶ መሸኘት የተለመደ ነው። የእጥበቱንም ክፍል ይዩት። በፕላኑ ላይ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የምታንሰው ክፍል እሷ ናት፤ አንዲት ሠራተኛ በቀን ብዙ ሰዓት የምትቆምባትም እሷ ናት። መስኮት ያላት እንደሆነ፣ እርጥብ አንሶላ ተሸክማ የምትወጣ ሴት በሩን በክንድዋ ገፍታ መክፈት የምትችል እንደሆነ፣ ገመዱ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ የተዘረጋ እንደሆነ ዳኛው ካልጠየቀ ባለቤቲቱ ራስዋ ትንገረው።